ስድስት አሮጌ ኮምፒውተር ላለው የጽሕፈትና ኮፒ ቤት፦ ዊንዶውስ 11 ወይስ ሊኑክስ?

ከዚራ ኮፒ (ድሬዳዋ)

ለመድረኩ አባላት በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ከዚራ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ስድስቱም ዴስክቶፖቼ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው፤ አራቱ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ሁለቱ ኮር አይ 3 ሲሆኑ፣ ራማቸው ከ4 እስከ 8 ጊጋባይት ነው። እስካሁን በዊንዶውስ 10 ያለ ብዙ ችግር አገልግለውኛል። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ወደ ዊንዶውስ 11 እንድሸጋገር የሚያሳስብ መልእክት በየጊዜው ይመጣል፤ ልሸጋገር ስል ደግሞ ኮምፒውተሩ መስፈርቱን እንደማያሟላ ይነገረኛል።

ሥራዬን በአጭሩ ልግለጽ። ጠዋት ጠዋት ውልና ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ ተማሪዎች ይበዛሉ። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ሲሰካና ሲነቀል ይውላል። በኋለኛው ክፍል ባለው ኮምፒውተር ላይ ታናሽ ወንድሜ የሁለት ነጋዴዎችን ሒሳብ በፒችትሪ ይይዛል። አንድ ዘመዴ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጠቅሶ «ሊኑክስ ጫንና ተገላገል» ይለኛል፤ ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ልጅ ደግሞ «ዊንዶው 11ን በዘዴ እጭንልሃለሁ» ይለኛል። ስድስት አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ከአቅሜ በላይ ነው። በሥራ ላይ ሞክሮ ያየ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)

ታይዋን ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቃቸው ዋና ዋና ነገሮች ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት እና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ ፕሮሰሰር ናቸው። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ የእርስዎ አራተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. የ2013 ሥራ በመሆኑ ከዝርዝሩ ውጪ ቀርቷል። ጉዳዩ የፍጥነት እንዳይመስልዎ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከገቡት አንዳንድ ሴሌሮኖች ይልቅ የእርስዎ ኮር አይ 5 በግልጽ ይፈጥናል።

ልጁ «በዘዴ» ያለዎት ሩፎስ በተባለ ፕሮግራም መጫኛ ፍላሹን ሲያዘጋጁ ምርመራውን መዝለልን ነው፤ ይሠራል፣ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ዓመታዊው ትልቁ ማሻሻያ እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር በራሱ ስለማይመጣ በየዓመቱ በእጅ መጫን ግድ ይሆናል፤ ማይክሮሶፍትም ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ኃላፊነት እንደማይወስድ አስቀድሞ ተናግሯል።

ሌላው አማራጭ የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ30 ዶላር ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማገናኘት ያለ ክፍያ ይገኛል። ለድርጅቶች ግን በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ እየሆነ ይሄዳል።

የትኛውንም ቢመርጡ መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን ከፍተው አቧራቸውን ያስነፉ። በድሬ ሙቀት ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ እየተፈረፈረ ሳየው «ዊንዶው ከበደው» የሚሉኝን ደንበኞች አስባለሁ።

ሚዛን (ድሬዳዋ)

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የምናገረው በኋለኛው ክፍል ስላለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እርሱን አይንኩት።

ፒችትሪ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ሴጅ የተባለው ኩባንያ ከገዛው በኋላ ስሙ ሴጅ 50 ቢባልም በእኛ ዘንድ ዛሬም ፒችትሪ ነው፤ ሥልጠናው የሚሰጠው በዚህ ስም ነው፤ የሥራ ማስታወቂያም «ፒችትሪ የምትችል/የሚችል» እያለ ይወጣል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ዋይን ብዙ ነገር ያስነሳል፤ ፒችትሪ ግን ውሂቡን ቢትሪቭ በሚባል የመረጃ ቋት ሞተር ስለሚይዝ ፕሮግራሙ ቢከፈት እንኳ የድርጅቱን ፋይል በትክክል ይከፍታል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ቀደም ሲል የሠራሁበት አንድ ድርጅት ቫይረስ ሰልችቶት ሁሉንም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ወደ ሊኑክስ አዞረ። ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። የወሩ መዝጊያ ሲደርስ ሁለት ሌሊት ከጽሕፈት ቤት ሳንወጣ አደርን፤ በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ክፍሉ ብቻ ወደ ዊንዶውስ ተመለሰ፤ በወሩ መጨረሻ ሌላውም ተከተለ። ስርዓተ ክወናው ምንም አላጠፋም ነበር። ማንም «የትኛው ሥራ በየትኛው ፕሮግራም ይሠራል?» ብሎ አስቀድሞ አለመጠየቁ ነበር ጥፋቱ።

መምህር ከሐረር

ሐረር ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ። የቤተ ሙከራችን ኮምፒውተሮች ከእርስዎ የባሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው ሲሆኑ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላሉን ዓይነት ከጫንሁባቸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ስለ ፒችትሪ የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ስለ ፍላሽ ግን የምለው አለኝ፤ የእርስዎ ቤት ዋና ሕመም እርሱ ይመስለኛልና።

አቋራጭ የሚፈጥረውን ቫይረስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪው ፍላሹን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አቃፊዎቹ ጠፍተው አንዲት አቋራጭ ብቻ ትታየዋለች፤ እርሷን ሲጫን ሰነዶቹም ይከፈታሉ፣ ቫይረሱም በስውር ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ያንኑ ፍላሽ በሊኑክስ ላይ ስሰካው የማየው ሌላ ነው። ዊንዶውስ «የተደበቀ» ብሎ የሚሸሽገውን ሊኑክስ ስለማይሸሽገው፣ የጠፉት አቃፊዎች በቦታቸው ተቀምጠው፣ አቋራጯና የቫይረሱ ስክሪፕት ደግሞ ከጎናቸው ያለ ምንም መሸፈኛ ተራቁተው ይታያሉ። ሁለቱን መርጬ እሰርዛለሁ፤ ተማሪው «ጋሼ፣ ጽሑፌ ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?» ይለኛል። ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ በመሆኑ በሊኑክስ ላይ የሚነሣበት እግር የለውም። በቀን ብዙ ፍላሽ ለሚያስተናግድ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው እላለሁ።

ሊኑክስ ለብዙ ሰው የማይታወቅ እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ሲያስተዋውቅ ለትርፍ ጊዜ የሚሠራው እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ተናግሮ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ በዚያው የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ላይ የቆመ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮም በዓለም ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ታናሹንም ታላቁንም ይዞ መካከለኛውን፣ ማለትም የእኔንና የእርስዎን ጠረጴዛ፣ ሊይዝ ያለመቻሉ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)

መምህር፣ የሚገርም ነገር የለውም፤ ከጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ በየቀኑ አየዋለሁ። በሌላው ዓለም ሊኑክስ «እኔ ነጻ ነኝ፣ ያኛው ያስከፍላል» ብሎ መከራከር ይችላል። በእኛ ገበያ ግን ዊንዶውስም በነጻ ነው፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ በሚያነቃው ፕሮግራም፣ በክራክ። ደንበኛዬ ለዊንዶውስ ፈቃድ ከፍሎ ስለማያውቅ «ሊኑክስ ገንዘብዎን ያድንልዎታል» ብለው ምኑ ይድንለታል? ለእኔ የሚከፍለኝ የፎርማት ዋጋ በሁለቱም አንድ ነው። ሊኑክስ እዚህ የሚወዳደረው ከማይክሮሶፍት ዋጋ ጋር ሳይሆን ከክራኩ ጋር ነው፤ ከዜሮ በታች ዋጋ ደግሞ የለም።

በዚያ ላይ ሊኑክስ ጭኜለት የሄደ ደንበኛ አንድ ነገር ሲጠፋው ከእኔ በቀር የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ዊንዶውስ ከሆነ የጎረቤት ልጅም ያውቀዋል።

መምህር ከሐረር

ያሉት እውነት ነው፤ ግን ክራኩ በእርግጥ ነጻ ነው? ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ የሚያነቃው ፕሮግራም ገና ሲከፈት «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ቤቱን ሲጠብቅ የኖረውን ዘበኛ አሰናብቶ ማንነቱን የማያውቁትን ሰው ማስገባት ማለት ነው። የደንበኞች ውልና የመታወቂያ ቅጂ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ነው።

ለጠያቂው አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ከውጭ የመጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያ ዕቃዎች ስለነበሩ ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ 7 ወይም 8 ፕሮ ፈቃድ ይዘው ነው። ወደ ዊንዶውስ 10 ሲያድጉም ያ ፈቃድ ተላልፎላቸው ይሆናል። ቅንብር ውስጥ ገብተው አክቲቬሽን የሚለውን ይመልከቱ፤ «በዲጂታል ፈቃድ ነቅቷል» የሚል ከሆነ ሕጋዊ ዊንዶውስ በእጅዎ ለመኖሩ ጥሩ ምልክት ነው።

የዶስ ዘመን ሰው (ድሬዳዋ)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁን በደስታ ነው የተከታተልሁት። ኮምፒውተር ስጀምር ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ ነበር፤ ፍሎፒውም እጥፍ ሲል ይሰበር ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የተሻለው ስርዓተ ክወና ለምን ሁልጊዜ እንደማያሸንፍ የማስታውሰውን ልንገራችሁ።

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲውን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1981 ሲያወጣ ገበያው የሚያውቀው ስርዓተ ክወና የጋሪ ኪልዳል ሲፒ/ኤም ነበር። ማይክሮሶፍት ለአይቢኤም ያቀረበውን ስርዓተ ክወና፣ ዶስን፣ ራሱ ከባዶ አልሠራውም፤ ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ከተባለ አነስተኛ ድርጅት ገዝቶ አስተካከለው እንጂ። ሁለቱም ለአይቢኤም ፒሲ ቀርበው ነበር፤ ነገር ግን ፒሲ ዶስ በ40 ዶላር ሲሸጥ ሲፒ/ኤም-86 በ240 ዶላር ይሸጥ ነበር። ማይክሮሶፍት ደግሞ ዶስን ለሌሎች አምራቾችም የመሸጥ መብቱን ከአይቢኤም ጋር በገባው ውል ለራሱ አስቀርቶ ስለነበር፣ ኮምፓክና ሌሎቹ የአይቢኤምን ኮምፒውተር መምሰል ሲጀምሩ ሁሉም ወደ እርሱ መጡ።

ቀጥሎ የመጣውን ውል ብዙ ሰው አያነሣውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚነገር ይመስለኛል። አምራቾች ለማይክሮሶፍት የሚከፍሉት በሸጡት ኮምፒውተር ቁጥር ልክ ነበር፤ ዶስ ቢጫንበትም ባይጫንበትም። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ አምራች የሌላ ድርጅት ስርዓተ ክወና ልጫን ቢል ለሁለቱም መክፈል ነበረበት። ይህ አሠራር የቀረው የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ከኩባንያው ጋር በደረሰበት ስምምነት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ገዢው ሱቅ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያየው አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። መምህር እንደተገረሙት ሊኑክስ ስልኩንና ሱፐር ኮምፒውተሩን ይዞ ዴስክቶፑን ያልያዘው ለዚህ ይመስለኛል፤ ስልኩ ላይ አምራቹ ጭኖት ይመጣል፣ ሱፐር ኮምፒውተሩን ባለሙያ ይጭንበታል፤ ዴስክቶፑ ላይ ግን ራስህ አጥፍተህ ራስህ መጫን አለብህ።

ኦኤስ/2 ስለተባለው ስርዓተ ክወናም ልናገር። አይቢኤምና ማይክሮሶፍት አብረው ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፤ በኋላ ተለያዩና አይቢኤም ብቻውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ሁለተኛው ኦኤስ/2 በዚያን ጊዜ ከነበረው ዊንዶውስ ይልቅ ጽኑ ነበር፤ አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ ሌላውን ይዞ አይወድቅም። ከዚህም በላይ የዊንዶውስን ፕሮግራሞች በውስጡ ያስኬድ ነበር። ይህ ጥንካሬው መስሎን ነበር፤ መቅሠፍቱ ግን ይኸው ሆነ። ፕሮግራም ጸሐፊው «የዊንዶውሱን ከጻፍሁ በሁለቱም ይሠራል» ብሎ ለኦኤስ/2 የተለየ ነገር መጻፉን ተወው። ስለ ዋይን በሚነገር ጊዜ ሁሉ ይህ ይታወሰኛል።

አፕልም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1997 ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ ማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት። ሁሉም ስለ ገንዘቡ ያወራል፤ ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ለአምስት ዓመት ኦፊስን ለማኪንቶሽ መሥራቱን እንደሚቀጥል የገባው ቃል ነበር። ያለ ወርድና ያለ ኤክሴል ማኪንቶሹን ማን ይገዛው ነበር? ስለዚህ ከዚራ ያለው ወንድማችን ጋ ያለው ጥያቄ በትልቁ መድረክም የነበረው ያው ነው፤ ስርዓተ ክወናውን የሚሸጠው በላዩ ያለው ፕሮግራም ነው።

ገንደ ቆሬ (ድሬዳዋ)

ጋሼ፣ ታሪኩን ስለነገሩን እናመሰግናለን፤ እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። አንድ የምቃወመው ነገር አለኝ። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊኑክስ አዙሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ሽግግሩን አጠናቅቋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንቅፋት የሚሆነው ዝግጅት ለሌለው ሰው ብቻ ነው።

የዶስ ዘመን ሰው (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ታሪኩን ግማሹ ላይ አቆምኸው። ያው የሙኒክ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። የሊኑክስ ደጋፊዎች ነገሩ ፖለቲካ ነው ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ሠራተኛው ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ፋይል መለዋወጥ ተቸግሮ ነበር ይላሉ፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከከንቲባ እስከ ቴክኒሻን ያለው ከተማ ይህን ያህል ከተቸገረ፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም።

ጀጎል ዲዛይን (ሐረር)

ማክን ያነሣ ሰው ስለሌለ ባጭሩ ልበል። የሠርግ ካርድና የሱቅ ሰሌዳ የምሠራው በማክ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር ካወጣ ወዲህ ሙቀቱም ድምፁም ቀርቷል። ለኮፒ ቤት ግን አልመክርም። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ሲበላሽም መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ መላክ ነው። ማክ በዚህ ውድድር ውስጥ ያለው ዋጋውን ለቻለ ሰው ብቻ ነው።

ከዚራ ኮፒ (ድሬዳዋ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መምህር በመከሩኝ መሠረት አክቲቬሽኑን ስመለከት ከስድስቱ አራቱ በዲጂታል ፈቃድ የነቁ ሆነው አገኘኋቸው፤ ሳላውቀው ሕጋዊ ሰው ነበርሁ። በአንደኛው ኮምፒውተር ላይም ሚንት በሌላ ሃርድ ዲስክ አስጭኜ ለአንድ ሳምንት ሞከርሁት። ፍላሹ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ኮምፒውተሩም ቀለል ብሎታል።

ያላሰብሁት ነገር የመጣው በፊደሉ በኩል ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያጠራቀምሁት የውልና የማመልከቻ ናሙና አለኝ፤ ሰው ሲመጣ ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይረን እናትማለን። ከነዚህ አንዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ ሊብሬ ኦፊስ በተባለው የሊኑክሱ የጽሕፈት ፕሮግራም ስከፍተው ከአርእስቱ እስከ ፊርማው ድረስ አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ሌላው በትክክል የተከፈተ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ በእኛ ዊንዶውስ 84 ገጽ የነበረው በሊኑክስ 91 ገጽ ሆነ፤ የማውጫው ገጽ ቁጥር ሁሉ ተዛባ። ጸሐፊዬም ጣቷ የለመደው የፓወር ግዕዝን አጻጻፍ በመሆኑ በአዲሱ ኪቦርድ አንዲት «ጸ» ለማግኘት ስትታገል አየኋት። ይህ ምን ይደረጋል?

መምህር ከሐረር

ሦስቱ ችግሮች ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው።

የቤት ኪራይ ውሉ ችግር ከሊኑክስም ከዊንዶውስም የሚቀድም ነው። ግዕዝ ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው ቅጂ ሲሆን፣ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች ተመደቡለት። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በልማድ የቀጠሉት፣ ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን «ሀ» አድርጎ ይስለዋል። ቦታው ለፊደላችን ብዛት ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍለው ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ የሚያሳይዎት እውነተኛውን ነገር ነው፤ ሰነዱ ውስጥ ያለው ከመጀመሪያውም ላቲን ነበርና። ፎንቱን በሊኑክስ ላይ ቢጭኑት ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ነገር ግን ይህን አያድርጉ እላለሁ። እነዚያን ናሙናዎች አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ ይለውጧቸው ወይም እንደገና ያስጽፏቸው። እስካልተለወጡ ድረስ ቃል መፈለግም፣ በስልክ መላክም፣ ወደ ሌላ ስርዓተ ክወና መሻገርም አይቻልም፤ ዊንዶውስ 11 ቢገዙም ይኸው ችግር ተከትሎዎት ይሄዳል።

የገጹ ብዛት የተለወጠው ተማሪው በኒያላ ፎንት ስለጻፈ ይመስለኛል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ሲያጣው በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ይተካዋል፤ የእነርሱ ፊደል ስፋቱና የመስመሩ ርቀት ስለሚለይ ገጹ ይገፋል። ይህ እንኳ በዊንዶውስ 10 ላይም ያጋጥማል፤ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ በቀር ከስርዓተ ክወናው ጋር አይመጣምና። ለሕትመት የሚመጣውን ሰነድ ተማሪው ራሱ ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲያመጣ ይንገሩት፤ ያን ጊዜ የትኛውም ስርዓተ ክወና አንድ ዓይነት ያትመዋል።

የጸሐፊዎ ጣት ግን ከሁሉም የከበደው ነው። ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በሊኑክስም ይሠራል፤ የአማርኛ ኪቦርዶችም አሉት። አይባስ በተባለው ደግሞ «ሰላም» ለማለት የላቲኑን ፊደል በድምፁ መጫን ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ለዓመታት በአንድ አጻጻፍ ሲሠራ የኖረ ጣት በአንድ ሳምንት አይለወጥም። እርሷን አያስገድዷት።

ሚዛን (ድሬዳዋ)

መምህር ያሉትን ሳነብ ከፒችትሪ ጋር አንድ ሆነብኝ። እኛን ዊንዶውስ ላይ ያሰረን ማይክሮሶፍት ሳይሆን የራሳችን አሮጌ ፋይል ነው።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)

የራሳችን ጣትም ጭምር።

ከዚራ ኮፒ (ድሬዳዋ)

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ስለምመልስ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የወሰንሁትን ላሳውቃችሁ።

የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ወደ ሚንት ተዛውረዋል፤ ሥራቸው ፒዲኤፍ መክፈትና ማተም ብቻ ነው፤ ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዳይሰካ በወረቀት ጽፌ ለጥፌያለሁ። የፒችትሪው ኮምፒውተር በዊንዶውስ 10 ላይ ይቆያል፤ ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ፤ ወንድሜም በየሳምንቱ አርብ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል። ጸሐፊዬ የምትሠራበት ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ ካላቸው አንዱ ስለሆነ የተራዘመው ማሻሻያ እስካለ ድረስ በዚያው ትጠቀማለች፤ በዚህ መሐል ስምንተኛ ትውልድ የሆነ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከታይዋን ገበያ እየፈለግሁ ነው። ስድስተኛው ኮር አይ 3 አቧራውን ካስነፋሁት በኋላም አልተነሣም፤ ራሙን አውጥቼ ለሚንቶቹ አካፈልሁት።

ከናሙናዎቹ ውስጥ እስካሁን የቤት ኪራይ፣ የመኪና ሽያጭና የውክልና ማመልከቻዎቹን ጸሐፊዬ በዩኒኮድ እንደገና ጽፋቸዋለች። ስትጽፍም የመኪና ሽያጩ ውል ላይ «ሻጭ» መባል ያለበት አንድ ቦታ «ገዢ» ተብሎ ለዓመታት ሲታተም እንደኖረ አገኘች፤ ስንት ሰው ፈርሞበት እንደሄደ አላውቅም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ትልቁ ፕሪንተር በሚንት ላይ ያትማል፤ ስካነሩ ግን አይታይም። መምህር፣ ቅዳሜ ደንገጎን የሚወርዱ ከሆነ ቡናውን እኔ ጋር እንጠጣና ቢያዩልኝ።

መምህር ከሐረር

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። የፕሪንተሩን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው ካለው ስቲከር ላይ አንብበው አስቀድመው ይጻፉልኝ፤ ድራይቨሩን እዚህ አውርጄ በፍላሽ እይዘዋለሁ።